የቁልፉ ሹመት

ኳስ በሚጫወትበት ዘመን ደጋፊው «ቁልፉ» ይለው ነበር። የግራውን በር እሱ ከቆለፈው ማንም አይከፍተውም ለማለት ነው። ታኬታውን ከሰቀለ አሥራ አራት ዓመት ቢያልፈውም ስሙ አልወለቀም፤ የወለቀው ጉልበቱ ነው። ደረጃ ሲወጣ እንደ ማንም ሰው ይወጣል። ሲወርድ ግን ዞሮ፣ የደረጃውን ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ፣ የኋሊት ነው። የማያውቀው ሰው ዕቃ ረስቶ የሚመለስ እየመሰለው መንገድ ይለቅለታል።

ከኳስ በኋላ ያልሞከረው የለም። የመኪና መለዋወጫ ሸጧል፣ የትምህርት ቤት ልጆች አሠልጥኗል፣ ሁለት ዓመት ያህል ደግሞ ምንም ሳይሠራ «ነገሮችን እያየሁ ነው» ሲል ከርሟል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቤቱን ያቆመችው የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋው ሚስቱ ናት። እሷ ስትሰፋ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ የድሮ ክለቡን ጨዋታ በሬዲዮ እየሰማ አሰልጣኙን ይሰድባል። አሰልጣኝ በተቀያየረ ቁጥር ስድቡ ያው ነበር፤ የሚለወጠው ተሰዳቢው ብቻ ነው።

ክለቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛውን አሰልጣኝ አባሮ አራተኛ የሚሆን ሲያጣ ቁልፉን አስጠራው። በተሰጠው ደብዳቤ ውስጥ «በጊዜያዊነት» የምትል ቃል ሦስት ቦታ ገብታለች። ሚስቱ አንብባ ጨረሰችና፣

«አንዱ አይበቃቸውም ነበር?» አለች።

ጊዜያዊ መሆን ምን እንደሆነ ቁልፉ በሳምንቱ ገባው። የአሰልጣኙ ቢሮ ቁልፍ ሥራ አስኪያጁ ኪስ ውስጥ ነው፤ እሱ የሚያስበውን የሚያስበው መልበሻ ክፍል ውስጥ፣ ማሊያ በሚቀመጥበት ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነው። የአውቶቡሱ ሾፌር የፊተኛው ወንበር ላይ ኮቱን አንጥፎ «ይሄ የቋሚው ቦታ ነው፣ ወንድሜ፤ ሲመጣ ቢያጣው ደስ አይለውም» ብሎ ወደ ኋላ ሸኝቶታል። ቁልፉም ኮቱ ሲቀመጥ እሱ ከኋላ እየተንገጫገጨ ዘጠኝ ሳምንት ተጓዘ። በዘጠኙ ሳምንት ግን ቡድኑን ከመጨረሻው ደረጃ አንሥቶ ከወራጆቹ አንድ ነጥብ ከፍ አደረገው። የቀረው አንድ ጨዋታ ነው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የቦርዱ ሰብሳቢ ጠራው። ሰብሳቢው የሴራሚክ ነጋዴ ነው። ቢሮው ከመደብሩ ፎቅ ላይ ሲሆን እንግዳ የሚቀበለው ገና ካልተሸጡ የመጸዳጃ መቀመጫዎች መሀል ነው። ቁልፉ ወንበር ፍለጋ ዙሪያውን ቢያይ የተከበበው በሌላ ዓይነት መቀመጫ ሆነበትና ቆሞ ቀረ።

«እሁድ ነጥብ ይዘህ ውጣ» አለው ሰብሳቢው። «አቻም ይበቃናል። ከተረፍን ሰኞ ጠዋት ቋሚ ነህ። ሦስት ዓመት።»

«ካልተረፍንስ?»

«ካልተረፍንማ እንኳን አንተ እኔም ጊዜያዊ ነኝ።» ስልኩን አገላብጦ አየና ቀጠለ። «መሰላል ይሰለፋል አይደል? እሱ ከኋላ ከሌለ በረኛችን ኳሷን የሚያያት ከመረብ ሲያወጣት ነው።»

«ትናንት ልምምድ ላይ ጉልበቱን ትንሽ አሞታል።»

«አንተንም ያምህ ነበር፤ ግን ትሰለፍ ነበር።»

ሰውየው ይህን ያለው ለማመስገን ነው። ቁልፉም እንደ ምስጋና ተቀብሎት፣ ደረጃውን የኋሊት ወረደ።

መሰላል የተባለው የቡድኑ አምበል ነው፤ የመሀል ተከላካይ፣ ቁመቱ የበር ጉበን የሚያስጎነብሰው፣ ሃያ ስምንት ዓመት የሞላው። ከዚህም በላይ ግን የቁልፉ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ እኅቱ አምጥታ ሳሎን ውስጥ አልጋ ዘረጋችለት። ቁልፉ ወደ ሜዳ ሲሄድ ታኬታውን የሚሸከመው፣ ሲመለስ ደግሞ የጨዋታውን ወሬ አፉን ከፍቶ የሚሰማው እሱ ነበር። ዛሬ በክለቡ ግቢ «ኮች» ይለዋል፤ እቤት ሲገባ «ጋሼ»። ሁለቱን አንድም ቀን አቀላቅሎ አያውቅም።

ረቡዕ ዕለት ማንም ሳይነካው ብቻውን ዞሮ ወደቀ። ወዲያው ተነሣና «ሣሩ ነው» አለ። ሣሩን ሁሉም ሰው አየው። ሣሩ ላይ ምንም የለም።

ክለቡ ጉልበት የሚያስመረምርበት የራሱ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱን ያወጡት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተጫዋች ያሹት ጋሽ ወጌሻ ናቸው። የሐኪም ፎቶ አያምኑም፤ «ሰው ተኝቶ የተነሣው ፎቶ ሰው ቆሞ የሚሆነውን አይነግርህም» ይላሉ። ስለዚህ የተጎዳ ተጫዋች በጨዋታው ዕለት ጠዋት በባዶ እግሩ የመታሻ ጠረጴዛው ላይ ይወጣል፤ እጆቹን ደረቱ ላይ ያጣምራል፤ በታመመው እግሩ ብቻ ሲሚንቶው ላይ ይዘላል፤ እሳቸው እስከ ሦስት እስኪቆጥሩ በዚያው በአንድ እግሩ ይቆማል። ሌላው እግር መሬት ከነካ ጨዋታ የለም። ሥራ አስኪያጅም ሆነ ሰብሳቢ መጥቶ ቢለምን ጋሽ ወጌሻ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ሲሚንቶውን አናግረው።»

ይህን ሥርዓት በክለቡ ታሪክ ያሸነፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቁልፉ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ጉልበቱ እንደ አሮጌ ማጠፊያ በሚንቀጠቀጥበት ጊዜ ዘዴ አወጣ። ሲዘል ወደ ታች ሳይሆን ወደ ፊት ይዘላል፤ በተረከዙ ያርፋል፤ ጉልበቱን ጨርሶ አያጥፈውም፣ እንደ ዱላ አድርጎ ይገትረዋል፤ ጅማቱ ያልቻለውን አጥንቱ ይሸከማል። ዋናው ግን ይህ አይደለም። ዋናው፣ ልክ እግሩ መሬት ሲነካ ጋሽ ወጌሻን አንድ ነገር ማለት ነው። «ጋሽ ወጌሻ፣ ሱሪዎ ተቀዷል» ይላቸዋል። ሽማግሌው ሱሪያቸውን እየፈለጉ እስከ ሦስት ይቆጥራሉ። እንዲህ እያደረገ አሥራ አንድ ጊዜ ተሰለፈ። ጉልበቱም በአሥራ አንደኛው አከተመለት።

ለሌላ ሰው ቢሆን ይህ የሚያሳፍር ወሬ ነው። ቁልፉ ግን እራት ላይ የሚያወራው የጀግንነት ታሪኩ አደረገው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወንበር ላይ ይወጣል፣ እጁን ያጣምራል፣ በደህናው እግሩ ይዘላል፣ «ሱሪዎ ተቀዷል» ይላል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሚስቱ ታጨበጭብ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ «ጋሼ፣ እስቲ ድገመው፤ ተረከዝህን እንዴት ነበር ያሳረፍከው?» እያለ ያስደግመው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ቁልፉ እቤት ቁጭ ብሎ አሰላለፍ ሲጽፍና ሲሰርዝ፣ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣

«ወንድሜ ትናንት ሲመጣ ጫማውን ቆሞ ነው ያወለቀው» አለችው።

«እና?»

«እናማ፣ ያ ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ መሬት ላይ ተዘርፍጦ ነው ጫማ የሚያወልቀው። ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ።»

«አሁን አደገ።»

«እየቀለድኩ አይደለም።»

«ነገ ጠዋት ጋሽ ወጌሻ ያዩታል። እሳቸው ይችላል ካሉ ይችላል፣ አይችልም ካሉ አይችልም። እኔ እዚያ ውስጥ የለሁበትም።»

መኪናዋን አቆመች። «አንተም ቆመህ ታየዋለህ?»

«አያለሁ እንጂ። የት እሄዳለሁ?»

«በቃ፣ አንተ ካየኸው» አለችና መርፌው ሥር አዲስ ኮሌታ አስገባች። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አላነሣችም።

እሁድ ረፋድ የማሳጅ ክፍሏ ውስጥ አራት ሰው ነበር። ጋሽ ወጌሻ እጃቸው ላይ ያለውን ቅባት በፎጣ እየጠረጉ፤ የቡድን መሪው ለዳኞች የሚሰጠውን የስም ዝርዝር ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ብዕሩን እያኘከ፤ ቁልፉ በሩ ላይ ተደግፎ፤ መሰላል ጠረጴዛው ላይ ቆሞ። ራሱ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ውረድ እንግዲህ፣ ጣሪያ ልታድስ ነው የወጣኸው?» አሉት ጋሽ ወጌሻ።

መሰላል እጆቹን አጣመረ። ቁልፉን አላየውም። ሁሌ አንድ ነገር ከማድረጉ በፊት ዞሮ እሱን የሚያይ ልጅ፣ ያን ቀን ግድግዳ ግድግዳውን አየ።

ዘለለ። ወደ ፊት ነው የዘለለው። ተረከዙ ቀድሞ ሲሚንቶውን መታ። ጉልበቱ እንደ ዱላ ቀጥ አለ።

«ጋሽ ወጌሻ፣ ያቺ አይጥ ዛሬም መጣች» አለ።

ጋሽ ወጌሻ ፋሻቸውን ከምትበላባቸው አይጥ ጋር ጦርነት ላይ ከሆኑ ሁለት ዓመታቸው ነው። አንገታቸው ወደ ጥግ ዞረ። «አንድ፣ ሁለት... የታለች? ሦስት። የታለች ያልከኝ?»

የቡድን መሪው ሳቀ። ቁልፉ አልሳቀም። ይህን የሠራው ራሱ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ ቢሆን ከድምፁ ያውቀዋል። የልጁ ጭን እንደ ክር ሲርገበገብ አየ። ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ላቡ ችፍ ማለቱን አየ። ሌላኛው እግሩ መሬቱን ሊነካ የጥፍር ያህል ቀርቶት ተንጠልጥሎ አየ።

ለመናገር የሚበቃ ጊዜ ነበረው። ረጅም ንግግርም አያስፈልግም፤ «ይድገመው» ማለት ነው። ጋሽ ወጌሻ ያስደግሙታል፣ ልጁ ይወድቃል፣ ነገሩ ያልቃል። በምትኩ የሚሰለፈው ተከላካይ ገና ሁለት ጨዋታ ብቻ የተጫወተ ነው፤ በሁለቱም አምስት አምስት ገብቶባቸዋል። ቁልፉ ይህን ሁሉ አሰበ። ሰብሳቢውን አሰበ፤ የሾፌሩን ኮት አሰበ። ይህን እያሰበ ጊዜው አለፈ።

«ኮች፣ ልጻፈው?» አለ የቡድን መሪው ብዕሩን ከአፉ አውጥቶ።

«ጻፈው።»

መሰላል በበሩ ሲያልፍ ትከሻውን መታ አደረገው። «አይዞህ ጋሼ» አለው። በክለቡ ግቢ ውስጥ ጋሼ ሲለው ያ የመጀመሪያው ነበር።

ጨዋታው ጨዋታ አልነበረም፤ ግፊያ ነው። ከእረፍት በፊት ጎል የለም፤ ከእረፍት በኋላም የለም። መሰላል ሰማንያ ደቂቃ ያህል ኳስ በጭንቅላቱ ሲያወጣ፣ ሲጮህ፣ ሰው ሲገፋ ቆየ፤ ሮጦ ግን አያውቅም። ደጋፊው «ምን ዓይነት እርጋታ ነው!» ይላል። በሰማንያ አንደኛው ደቂቃ ከኮርና የመጣችን ኳስ ሊያወጣ ዘለለና ሲያርፍ ጉልበቱ እግሩ ወዳልዞረበት አቅጣጫ ዞረ። አጠገቡ የነበረው የባላጋራው አጥቂ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ቅያሪው አልቋል። ጋሽ ወጌሻ ገብተው እግሩን በፋሻ ጠቀለሉትና ወደ ቁልፉ ዞረው በእጃቸው የመቁረጥ ምልክት አሳዩት፤ ይውጣ፣ በአሥር ሰው ጨርሱ። መሰላል ደግሞ በረኛው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ተነሣና በጣቱ ወደ መሬት አመለከተ፤ እዚህ ልቁም? ከሜዳው ዳር እስከዚያ ሩቅ ነው፤ መነጋገር አይቻልም። ቁልፉ ማድረግ የሚችለው ራሱን መነቅነቅ ብቻ ነበር፤ ወይ ወደ ጎን፣ ወይ ወደ ታች።

ወደ ታች ነቀነቀ።

መሰላል የቀሩትን ደቂቃዎች የጎሉ ቋሚ አጠገብ እንደ ሌላ ቋሚ ቆሞ ጨረሳቸው። በጭማሪው ሰዓት አንዲት የተመታች ኳስ ደረቱን መትታ ወጣች። እሱ አልነካትም፤ እሷ ነካችው። ፊሽካው ተነፋ፤ ባዶ ለባዶ። ክለቡ ተረፈ።

ደጋፊው ሜዳውን ሞልቶ ቁልፉን ትከሻው ላይ አወጣው። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ከሕዝቡ ማዶ አራት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ወደ አምቡላንስ ሲሄዱ አየ። ከቃሬዛው ጫፍ ተርፎ የወጣው ረጅም እግር የማን እንደሆነ ለመጠየቅ አያስፈልግም።

ማታ ሆስፒታል በር ላይ ሚስቱን አገኛት።

«ጋሽ ወጌሻ ፈቀዱለት» አላት፣ ሳትጠይቀው።

«እሺ» አለች።

የተረኛዋ ሐኪም ኳስ አታይም። ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅላ ብዙ ካየች በኋላ «መጀመሪያ የተበጠሰው አንዱ ጅማት ነው፤ እሱ ብቻ ቢሆን ይጠገን ነበር» አለች። «ከዚያ በኋላ ቆሞበታል። ለምን ቆመበት?»

ካርዱን ገልጣ መጻፍ ጀመረች።

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ኳስ ተጫዋች ነው» አለ ቁልፉ።

«ሌላስ ሙያ አለው?»

ሰኞ ጠዋት፣ እንደተባለው፣ ቁልፉ ቋሚ ሆነ። ፎቶ አንሺው ጥሩ ቦታ ሲፈልግ ሰብሳቢው ሁለት መቀመጫዎችን በእግሩ ገፋ አደረገለት። አዲሱ ደብዳቤ አጭር ነው፤ ሥራ አስኪያጁም ከኪሱ የቢሮውን ቁልፍ አውጥቶ፣ «ቁልፍ ለቁልፉ» ብሎ በራሱ ቀልድ እስኪበቃው ሳቀ። ቢሮው ውስጥ ያለፉት ሦስት አሰልጣኞች የተዉት አንድ አንድ ካልሲ ነበር። ሾፌሩ ኮቱን ከፊተኛው ወንበር አነሣ። «ድሮም ላንተ ነበር የያዝኩልህ» አለው።

መሰላል በሦስተኛው ሳምንት እግሩን እስከ ጭኑ በብረት አሳስሮ እኅቱ ቤት ገባ። አልጋው ሳሎን ተዘረጋ፤ ያው የድሮው ቦታ ላይ። ክለቡ የዓመቱን ስም ዝርዝር ለፌዴሬሽን ሲያቀርብ ስሙን የሰረዘው ቋሚው አሰልጣኝ ነው፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ሲነግረው መሰላል፣ «ታዲያ ማን እንዲሰርዘኝ ነበር? አንተ ብትሆን ይሻላል» አለው።

ጠያቂ አልጠፋም። ተጫዋቾች ይመጣሉ፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ጋሽ ወጌሻ አንድ ጊዜ መጥተው የብረቱን ብሎን አይተው ሄደዋል፤ ከዚያ ወዲህ ክለቡንም ትተዋል። መሰላል ለመጣው ሁሉ የሚያወራው አንድ ወሬ ነው።

«እኔ እኮ ነኝ ጉድ የሠራኋቸው» ይላል። «ጋሼ ያውቅ መስሏችሁ ነው? ቢያውቅ በጆሮዬ ይዞ ያወጣኝ ነበር። የገዛ ዘዴውን በገዛ ዓይኑ ፊት! አይጧን ስጠራ ጋሽ ወጌሻ በዚህ ዞሩ፣ እሱ ደግሞ እንደ በግ በሩ ላይ ቆሟል። ሁለቱንም በአንድ ዝላይ።»

ጠያቂው ይስቃል። የሚስቱ የስፌት መኪና ያለው እዚያው ሳሎን ጥግ ነው፤ ወሬው አይጧ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ቀጥ ይላል። ሳቁ ሲያበቃ እንደገና ይነሣል።

አንድ ቀን ከሰዓት መሰላል እንቅልፍ ወስዶት ሳለ ቁልፉ ኩሽና ገባ። ሚስቱ ሰሃን ታጥባለች።

«አይቼዋለሁ» አላት።

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ሆስፒታሉ በር ላይ ‹ጋሽ ወጌሻ ፈቀዱለት› ነው ያልከኝ። ‹አየሁት› አላልክም።» ሰሃኑን አለቅልቃ ደፋችው። «ቅዳሜ አያለሁ ብለኸኝ ነበር።»

ቁልፉ በሩ ላይ ተደገፈ፤ ከዚያ እንዴት እንደቆመ አስተዋለና ቀና አለ። «ልነግረው ነው። ዛሬ ሲነቃ ልነግረው ነው። ከዚህ በላይ አልችልም።»

«ምን ብለህ?»

«አይቼህ ዝም አልኩ ብዬ።»

«አትነግረውም» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ያ ልጅ የቀረው ነገር ይሄ ነው። እግር የለውም፣ ኳስ የለውም። ለጋሼ ብዬ፣ ጋሼን ሳላስጠይቅ፣ ራሴ አደረግኩት ብሎ ነው ጠዋት የሚነሣው። አንተ ደስ እንዲልህ ይሄንንም ትወስድበታለህ?»

«ደስ እንዲለኝ አይደለም።»

«ይቅለለኝ ብለህ ነው። ያው ነው።» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ወንበር ላይ ወጥተህ ስታሳየን እኔም አጨብጭቤያለሁ። የኔን እኔ እይዘዋለሁ። ያንተን አንተ ያዝ።»

«እስከ መቼ?»

የውጭው በር ተንኳኳና ከፍታ ተመለሰች። ሁለት የድሮ ተጫዋቾች ናቸው፣ ብርቱካን ይዘዋል። ከሳሎን የብረቱ መንቋቋት፣ ከዚያም ከእንቅልፍ የነቃ ሰው ድምፅ ተሰማ።

«ጋሼ፣ አለህ? ና እስቲ። እነዚህ አልሰሙም፤ እንዴት እንደሸወድኩህ ልነግራቸው ነው።»

ቁልፉ ሄዶ ከአልጋው እግርጌ ተቀመጠ። መሰላል ጀመረ። ጠረጴዛው ላይ ወጣ፣ እጁን አጣመረ፣ ዘለለ፣ አይጧን ጠራ። የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። እንግዶቹ ዞረው የቁልፉን ፊት አዩ፣ መሳቅ ይፈቀድ እንደሆነ ለማወቅ። ቁልፉ ሳቀ።